ጠግበን ስንነሣ ማንን ረሳን?

በኢንተርኔት የመወያያ መድረክ ላይ ይህን ክር፣ ማለትም የውይይት ርዕስ፣ የከፈተው የኮምቦልቻ ሰው ነው። የሕንጻ መሣሪያ ይነግዳል፤ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮ። ያነሣው ነገር ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ ቤተክርስቲያኑም መስጊዱም ጢም ብሎ ነበር ይላል። ባለፎቁም ዘበኛውም እኩል ግንባሩን መሬት አስነክቷል። ደብረ ብርሃን ድረስ የተሰደደው ሰው ደግሞ ባደረበት ሁሉ ስለት ሲሳል ነበር። ኅዳር መጨረሻ ላይ ሁለቱም ከተሞች ነጻ ወጡ። ሰው ተመለሰ፣ የተዘረፈ ሱቁን ጠረገ፣ ገበያውም እያደር ነፍስ ዘራ። ስለቱስ የት ደረሰ? ሰውዬው የሚጠይቀው ይህን ነው። በእሱ ዓይን የኛ አገር ሰው ሲጨንቀው ፈጣሪውን ሌሊት ይቀሰቅሳል፣ ሲደላው ደግሞ ስልክ እንኳ አያነሣለትም። ለማስረጃ፣ በልተህ ስትጠግብ አምላክህን እንዳትረሳ የሚለውን ዘዳግም ምዕራፍ 8ን ጠቀሰ። መታዘዝ የመከራ ጊዜ ሥራ ብቻ ነው ወይ ብሎም ጠየቀ።

መልሱ ጎረፈ። አሜን ብቻ ብለው ያለፉትንና የአበባ ሥዕል የለጠፉትን ትቻቸዋለሁ። ቁም ነገር ያላቸውን፣ አንዳንዴም ቁም ነገር ባይኖራቸውም ያሳቁኝን፣ በተራ ቁጥራቸው ልንገራችሁ።

መልስ 1 ከአንዲት የደሴ እናት ነው። ሰውዬውን ጋሼ ብላ፣ መርቃ ጀመረች። ከዚያ የራሷን ጉድ አወጣች። ያኔ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከኮምቦልቻ ወዲያ በእግሯ ስትጓዝ፣ በሰላም ከተመለሰች ግሸን ማርያምን በእግሯ ሄዳ ልትሳለም ተስላ ነበር። በሰላም ተመለሰች። የመጀመሪያው መስከረም 21 ሱቋ ስላልተጠገነ አለፈ። ሁለተኛው ሱቋ ተጠግኖ ሥራ ስለበዛባት አለፈ። የሦስተኛውን ምክንያት ራሷም አታስታውሰውም። ከክሩ ሁሉ ሐቀኛው መልስ ይሄ ይመስለኛል። ማንም ግን ዞር ብሎ አላያትም።

መልስ 2 ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። በትሕትና ገባ፣ አስቀድሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ ቀጥሎ ከፋቹን አረመው። ምዕራፉ የተነገረው ለጠገቡ ሰዎች አይደለም ባይ ነው። ሙሴ ይህን ሲናገር ሕዝቡ ገና ዮርዳኖስን አልተሻገረም፤ ማዶ በሞዓብ ምድር ነው ያለው። አርባ ዓመት በምድረ በዳ መና ሲበላ የኖረ፣ ልብሱ ያላረጀበት፣ እግሩ ያላበጠበት ሕዝብ ነው። የተስፋይቱን ምድር ስንዴና ገብስ፣ ወይንና በለስ፣ ሮማን፣ ዘይትና ማር ገና አልቀመሰም። ጥጋቡ ሳይመጣ የጥጋቡ መድኃኒት ተነገረው ማለት ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ቁጥር 10 ላይ አለ፤ በልቶ ሲጠግብ እንዲያመሰግን። ሲርበው አይደለም። ማዕድ ሲቀርብም አይደለም። ከጠገበ በኋላ ነው። ይህችን ቅደም ተከተል ብዙ ሰባኪ ዘሏት ያልፋል።

እዚያው ላይ ሌላም ነገር ጨመረ። መርሳት የሚባለው ጸሎት ማቆም ብቻ አይደለም። ቁጥር 17 ላይ ያለው ሰው በአፉ ማንንም አልካደም። ሀብቱን ያመጣው የገዛ ጉልበቱ እንደሆነ በልቡ ማሰብ ነው የጀመረው። ቁጥር 18 ሥራውን አይነቅፍበትም፤ የሚሠራበትን ኃይል የሰጠው ማን እንደሆነ ነው የሚያስታውሰው። እሑድ እሑድ ቤተክርስቲያን የማይቀር፣ ግን ሱቁን በራሱ ጭንቅላት ብቻ እንዳቆመ የሚያስብ ሰው እንግዲህ ከየትኛው ወገን ነው? መልስ 2 ይህን ጠይቆ ሄደ።

መልስ 3 ደሴ ውስጥ ሸዋ በር አካባቢ ካለች እህት መጣ። ለሁሉም ሰላምታ አቅርባ፣ ነገሩ በቁርኣንም እንዳለ አስታወቀች። ሱረቱ ዩኑስ 12ን ጠቀሰች። ሰው ጉዳት ሲያገኘው ተጋድሞም፣ ተቀምጦም፣ ቆሞም ጌታውን ይጠራል፤ ጉዳቱ ሲነሣለት ጠርቶት እንደማያውቅ ሆኖ ያልፋል። ስለ ኅዳር 2014 የተጻፈ አይመስልም ወይ ብላ ጠየቀች። ከዚያ ቃሩንን አመጣች። የሀብቱ ቁልፎች ለተሰበሰቡ ብርቱ ሰዎች እንኳ የሚከብዱ ሰው ነበር። ወገኖቹ ሲመክሩት ያገኘሁት በዕውቀቴ ነው የሚል መልስ ሰጠ። መሬትም እሱንም ቤቱንም ዋጠች። እህታችን ያሰመረችበት ግን መዋጡ ላይ አይደለም። ቃሩን የፈርዖን ዘመድ አልነበረም፤ የሙሳ ወገን ነበር። ማለትም ከኛው ሰፈር ነው።

መልስ 4 እሷንና መልስ 2ን አንድ ላይ አመስግኖ፣ ወሎ ማለት ይሄ ነው ብሎ ልቡ ሞላ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ጨዋ ነበር።

መልስ 5 ጨዋነቱን ሰበረው። ወጣት ነው፣ ዲግሪ አለው፣ ኮምቦልቻ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። የደላው ማነው ብሎ ነው የጀመረው። ደሞዙ ኪራዩን ከፍሎ ወሩን እንደማያጋምስ፣ ጤፍ ከገዛ እንደቆየ፣ ዘይት በብርጭቆ እንደሚገዛ ዘረዘረ። ለእሱ ዓይነቱ ሰው ስለ ጥጋብ አደጋ መስበክ ማሾፍ ነው አለ። ስብከቱን ጋቢ ለብሶ ሲሚንቶ የሚሸጥ ሰው ለራሱ ቢያደርገው ይሻላል ሲልም ጨመረ። ብልግና ነው፣ ግን እውነት አለው። ከፋቹ እኛ ረሳን ሲል ማንን እኛ እንዳለ አልነገረንም።

መልስ 6 ይህንን ለማብረድ ይመስላል፣ የአየር ንብረት ክርክር ከፈተ። ደሴን የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ሲያለብሳት ሰው እጁንም ስለማያይ ሳይወድ በግዱ ይጸልያል፤ ኮምቦልቻ ግን ሙቀቱ ያዘናጋል። መልስ 7 የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ አልተዋጠለትም። ደሴዎች ቅዳሜና እሑድ እየወረዱ የኮምቦልቻን ፀሐይ በነጻ ሲሞቁ ምስጋና ሰጥተው እንደማያውቁ ከሰሰ። መልስ 8 የሚኒባስ ሹፌር ነው። ሁለታችሁም ተዉት ብሎ ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ አመጣ። ጭጋግ ባለበት ቀን ሐረጎን ሲወርድ የማይጸልይ ሰው አይቶ አያውቅም። ረዳቱ ሳይቀር ሒሳብ መሰብሰቡን አቁሞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ጠመዝማዛው አልቆ ሜዳው ሲታይ ግን መጀመሪያ የሚከፈተው ሙዚቃው ነው፣ ቀጥሎ በመልስ ብር ጭቅጭቅ ይነሣል። የዘዳግምን ምዕራፍ 8 በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ጨርሶ ያስተማረ ሰው ካለ እሱ ነው።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። መልስ 9 ጦርነቱ ራሱ የጥጋባችን ቅጣት ነው ብሎ ደመደመ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ፋብሪካው በዝቶ፣ የመሬት ዋጋ ጣራ ነክቶ፣ ሠርጉ ገደብ አጥቶ ነበር፤ ስለዚህ ተገረፍን። ይህን ሲጽፍ የዘዳግም 8ን የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ተመርኩዟል። የረሳ ሕዝብ ይጠፋል የሚለውን።

መልስ 10 አጭር ነው። በዚያ ወር ወንድሙን ቀብሯል። ወንድሙ ቀን ሠርቶ የሚያድር ሰው ነበር፣ ሠርግም አልሠረገ። ባለፎቆቹ በመኪናቸው ሲያመልጡ እሱ የመኪና ዋጋ አጥቶ ቀረ። ታዲያ የተቀጣው ማነው? መልስ 9ን አንተ ብሎ፣ በስም ያልተጠቀሰ እንስሳም አድርጎ ጻፈለት። የመድረኩ ኃላፊ ቃሉን ሰረዘው እንጂ መልሱን አላነሣውም። ጥሩ አደረገ።

መልስ 11 ያው መልስ 2ን የጻፈው ሰው ነው። ሉቃስ 13ን አመጣ። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ሲገድል፣ የሞቱት ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ጌታ ተናግሯል። መልስ 12 ደግሞ በእስልምናም ከሰው ሁሉ ፈተና የሚጸናባቸው ነቢያት ናቸው ብሎ አዩብን (ኢዮብን) ጠራ። መልስ 9 ተመልሶ መጣ። የሰሊሆሙ ቃል ንስሐ ግቡ ብሎ እንደሚያበቃ አስታወሰ። ይህ ትክክል ነው። ግን ንስሐ ግቡ የተባለው ለቆሙት ነው፣ በሟቾቹ ላይ የጻፈው ክስ ይቅርታ ይፈልግ ነበር። ይቅርታውን አልጻፈም።

መልስ 13 የኮንዶሚኒየም ዕጣ መቼ እንደሚወጣ ጠየቀ። ማንም አያውቅም።

መልስ 14 ላይ ቆም ብዬ ነበር። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ሁሉም አንቱ ይሏቸዋል። ጥቅስ አንድም አላመጡም። የ1965 እና 66ቱን የወሎ ረሃብ ያውቁታል፤ ከዓለም ተደብቆ የቆየውን። ሰባ ሰባትንም ያውቁታል። ስለ ሁለተኛው ነው የጻፉት። በልጉም መኸሩም የከዳበት ዓመት ነው። በሚያስተምሩበት የገጠር ከተማ ሁለት ቤቶች ነበሩ። አንደኛው እህል ያለው ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት የአምልኮ ድምፅ የሚሰማው ከዚያ ነበር፣ በሩ ግን ከውስጥ በድንጋይ ይደገፋል። ሁለተኛው የአንዲት ባልቴት ቤት ነው። ሴትየዋ የባቄላ ንፍሮ በአሮጌ ድስት ቀቅላ ደጃፏ ላይ ትቀመጣለች። ለሚያልፈው ሁሉ አትበቃም፤ ታውቃለች። ስለዚህ በእፍኝ ሳይሆን በፍሬ ትቆጥር ነበር። ለልጅ አሥር፣ ለአዋቂ አምስት። መምህሩ ደሞዝተኛ ስለነበሩ ባቄላ ገዝተው ሲሰጧት፣ ለሳቸውም አምስት ፍሬ ቆጥራ በእጃቸው አስቀመጠች። እህል ያለው ቤት ፈጣሪን መርሳት የጀመረው ድንጋዩን ከበሩ ኋላ ያስደገፈ ዕለት ነው ይላሉ መምህሩ። ጸሎቱ እንደሆነ አልተቋረጠም።

መምህሩ በመሐል፣ ዝናብ ሲጠፋ እናታቸው ወዳጃ፣ ማለትም ጎረቤት ተሰብስቦ የሚያደርገውን የልመና ሥርዓት፣ ይጠሩ እንደነበር ነክተው አልፈው ነበር። ቡናው፣ እጣኑ፣ ዱዓው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተቀምጦ። ከመልስ 15 እስከ 20 ያለው በሙሉ በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ የተነሣ ጠብ ነው። አንዱ ወዳጃ ከሃይማኖቱ የሌለ ጭማሪ ነው አለ። ሌላው አያቱ ተሰደቡ ብሎ ተነሣ። ሦስተኛው ከክርስቲያን ወገን ገብቶ ማን ከማን ጋር መቀመጥ እንዳለበት ሊደነግግ ሞከረ። ቀልድ የሚችል አንድ ሰው ቢኖር እዚህ ጋ ያስፈልግ ነበር። ሹፌሩ ግን ሥራ ላይ ነበር መሰለኝ። ኃላፊው ለወዳጃ ሌላ ክር እንዲከፈት አዘዘ።

መልስ 21 ያው መልስ 5ን የጻፈው ወጣት ነው፣ በርዶ ተመለሰ። ምሳሌ ምዕራፍ 30ን እንዳነበበ ገለጸ። እዚያ አጉር ድህነትም ሀብትም እንዳይሰጠው ይለምናል። ጠግቦ እንዳይክድ፣ ደህይቶም እንዳይሰርቅ ይፈራል። ወጣቱ በጸሎቱ ይስማማል፤ ሆኖም ፈቃድ ከተገኘ የሀብቱን ፈተና ለስድስት ወር ብቻ ሞክሮ ማየት ይፈልጋል። ከክሩ ብዙ መውደድ ያገኘው ይሄኛው ነው።

መልስ 22 ክሩን ገለበጠው። ጸሐፊዋ ደሴ ውስጥ ግንባታ ላይ የቀን ሥራ የምትሠራ ልጅ ናት። ከጓደኛዋ ጋር ፊትና ኋላ ሆነው ባሬላ ይሸከማሉ። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ፣ በእንጨት መወጣጫ። የባሬላው እጀታ ስለሚልጥ መዳፏ ላይ የፌስታል ቁራጭ ታስራለች። ካቦው ማታ ማታ ስማቸውን ደብተር ላይ ያሰፍራል፣ ቅዳሜ ይከፈላችኋል ይባላሉ። ሦስት ቅዳሜ አለፈ። ባለሕንጻው የባንክ ሲስተም የለም አለ፣ ቀጥሎ ገንዘቡ ዕቃ ላይ ነው አለ፣ ቀጥሎ ስልኩን ዘጋ። በዚያው ሰሞን በዓል ነበር። ለአምልኮ ቤት ትልቅ ስጦታ ሰጠ። ስሙ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ እሷም ቆማ ሰምታለች። ሲመረቅም እጇን ዘርግታ አሜን ብላለች፤ ልማድ ሆኖባት።

ሁለት ሰዎች ወዲያው ሰውዬው ክርስቲያን ነው ሙስሊም ብለው ጠየቋት። አልነግራችሁም አለች። ብትነግራቸው ግማሾቹ የኛ አይደለም ብለው እፎይ እንደሚሉ ታውቃለች። ይህቺ ልጅ ተምራ ቢሆን ዳኛ ትሆን ነበር።

ከዚህ በኋላ መልሶቹ እርስ በርስ ተያያዙ። መልስ 25 ከዚያው ከዘዳግም ምዕራፍ 24ን አወጣ። የድሃ ሠራተኛ ደሞዝ በዕለቱ፣ ፀሐይ ሳትገባ ይከፈል ይላል፤ ነፍሱ በእሱ ላይ ናትና፣ ወደ እግዚአብሔርም ይጮህብሃልና። መልስ 26 የሸዋ በሯ እህት ናት። ነቢዩ ለሠራተኛው ላቡ ሳይደርቅ ዋጋውን ስጡት ማለታቸውን አስታወሰች። መልስ 27 ሳኦልን ጠራ። ከአማሌቅ ምርጥ ምርጡን በግ አስቀርቶ ለመሥዋዕት ነው ሲል ሳሙኤል የሰጠው መልስ፣ መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል የሚል ነበር። ከፋቹ መታዘዝ የመከራ ጊዜ ሥራ ብቻ ነው ወይ ብሎ ላነሣው ጥያቄ እነዚህ ሦስቱ ቀጥተኛ መልስ ናቸው። የደላው ሰው መታዘዙ የሚታየው ቅዳሜ ማታ፣ ደብተሩ ሲገለጥ ነው። ክሩ ከዚህ መጀመር ነበረበት ባይ ነኝ።

ከፋቹ ግን ከፋው። መልስ 28 ላይ ብቅ አለ። ስለ እግዚአብሔር ሲያወራ ሰዎች ስለ ፔሮል እያወሩ እንደሆነ አማረረ። ነጋዴና አሠሪ ሁሉ በአንድ ሙቀጫ እየተወቀጠ ነው አለ። አሠሪም እኮ ሁልጊዜ ገንዘብ እጁ ላይ የለም። ሲሚንቶው ዛሬ በአንድ ዋጋ ይገባል፣ ነገ በሌላ። ደንበኛው በዱቤ ይወስዳል፣ ይጠፋል። ይህን ያልቀመሰ ሰው ይፈርዳል አለ። ውሸት የለበትም። ዱቤ ያልበላው የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ኮምቦልቻም ደሴም የለም።

መልስ 29 ግን አልማረውም። ከሱረቱ ቀለም የአትክልት ባለቤቶቹን ታሪክ ነገረው። ድሃ እንዳይገባባቸው ብለው ፍሬውን በማለዳ ሊለቅሙ ተማማሉ፤ ሲነጋ ግን አትክልቱ ሌሊቱን ጠቁሮ አድሮ አገኙት። ሰዎቹ መስገድ አቁመው ነበር የሚል ነገር እዚያ የለም፤ የተማማሉት ስለ ድሃው ነው። መልስ 30 የሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ ሙቀቱ ሳይነካት ተግባራዊ ጥያቄ አነሣች። የነጋዴ ዘካ ሱቅ ውስጥ ያለውን ዕቃ ይጨምራል። በዓመቱ መጨረሻ ባለው የገበያ ዋጋ ተገምቶ፣ ከመቶ ሁለት ነጥብ አምስት ይወጣል። የአስራት ነገር ደግሞ ከአሥር አንድ ነው። ከዱቤው በፊት ወይስ በኋላ የሚለው ላይ አራት ሰዎች አራት ዓይነት መልስ ሰጡ። እሱን ለሊቃውንቱ እንተወው።

መልስ 35 የሕግ ባለሙያ ነው። ስለ ጥቅሱም ስለ ጠቡም ቃል አልተናገረም። ልጅቷን እህቴ ብሎ፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቃት። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ያልተከፈለ ደሞዝ የሚጠየቀው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ነው፣ ካለፈ ይቀራል። አብረዋት የሠሩትን ሴቶች ይዛ ትምጣ። የካቦው ደብተር ፎቶ ካላት ይጠቅማል። ልጅቷ በመልስ 36 የአንድ ገጽ ፎቶ እንዳላት፣ ግን የሷ ስም ግማሹ በአውራ ጣት እንደተሸፈነ ጻፈች። ይዘሽው ነይ ተባለች።

መልስ 37 የክሩ ከፋች ነው። በዱቤ ሲሚንቶ ወስደው በጠፉበት ሰዎች ላይም ስድስት ወሩ ይሠራ እንደሆነ ባለሙያውን ጠየቀ። አይሠራም ተባለ። እሱ የውል ዕዳ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አሥር ዓመት አለው።